በቴክሳስ የከተማን ቻርተር በመራጮች ፊርማ ለማሻሻል ምን ማሟላት ያስፈልጋል?

በቴክሳስ የከተማቸውን ቻርተር፣ ማለትም ከተማው የሚተዳደርበትን መሠረታዊ ሕግ፣ ማሻሻል የሚፈልጉ ነዋሪዎች የምክር ቤቱን በጎ ፈቃድ መጠበቅ የለባቸውም። የስቴቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ምዕራፍ 9፣ በቂ ፊርማ የቀረበለት ምክር ቤት ጥያቄውን ለሕዝብ ድምፅ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል።

በመጀመሪያ ከተማው ቻርተር ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። በስቴቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ቻርተር ማጽደቅ የሚችሉት ከ5,000 በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞች ሲሆኑ፣ ዳላስ፣ ሂውስተን፣ ኦስቲንና ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ጋርላንድ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ቀጥሎ የመጨረሻው ማሻሻያ መቼ እንደጸደቀ ይጠይቁ፤ ቻርተር በ2 ዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይሻሻል ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል።

ሁለተኛው ሥራ የማሻሻያውን ጽሑፍ ማርቀቅ ነው፤ እዚህ ላይ የሕግ ባለሙያ ማማከር አይቆጭም። አንድ ማሻሻያ ከአንድ ጉዳይ በላይ ሊይዝ አይችልም። በ2023 በሳን አንቶኒዮ የቀረበው ማሻሻያ ፅንስ ማቋረጥን፣ ማሪዋናንና የፖሊስ አሠራርን አንድ ላይ በማካተቱ በፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቶ፣ ለድምፅ ቢቀርብም በሰፊ ልዩነት ተሸንፏል።

የሚያስፈልገው የፊርማ ብዛት ከከተማው መራጮች 5 በመቶ ወይም 20,000 ሲሆን፣ ከሁለቱ የሚያንሰው ይወሰዳል። ስለዚህ 40,000 መራጮች ባሉበት ከተማ 2,000 ፊርማ ሲበቃ፣ በዳላስ 20,000 ያስፈልጋል። ዓላማው ማሻሻል ሳይሆን አዲስ ቻርተር የሚያረቅ ኮሚሽን ማቋቋም ከሆነ ግን የ10 በመቶ መራጮች ፊርማ ይጠየቃል።

ብዙ ዘመቻዎች የሚሰናከሉት ፊርማ አጥተው ሳይሆን ሰብስበው የያዙት ውድቅ እየሆነባቸው ነው። በየመስመሩ ከፊርማው ጎን የፈራሚው ሙሉ ስም በግልጽ ተጽፎ፣ የመኖሪያ አድራሻው፣ የፈረመበት ቀን፣ እንዲሁም የትውልድ ቀኑ ወይም የመራጭነት ምዝገባ ቁጥሩ መስፈር አለበት፤ እንደ ዳላስ ከአንድ በላይ ካውንቲ ላይ በተዘረጋ ከተማ ደግሞ የተመዘገበበት ካውንቲም ይጨመራል። በፈራሚው እጅ መጻፍ ያለበት ፊርማው ብቻ በመሆኑ፣ የቀረውን አሰባሳቢው ሊሞላለት ይችላል። አቤቱታው (ፊርማዎቹን የያዘው የማሻሻያ ጥያቄ) ከሚገባበት ቀን ከ180 ቀን በፊት የተፈረመ ፊርማ አይቆጠርም። ፈራሚው በከተማው ወሰን ውስጥ የተመዘገበ መራጭ፣ ማለትም የአሜሪካ ዜጋ መሆን ስላለበት፣ በግሪን ካርድ የሚኖር ሰው ለጉዳዩ ምንም ያህል ቢቆረቆር ሊፈርም አይችልም። ይህን በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ደጃፍ ፊርማ የሚያሰባስቡ ሰዎች አስቀድመው ሊናገሩ ይገባል፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው በመራጭነት ቢመዘገብ በኢሚግሬሽን ጉዳዩ ላይ ከባድ መዘዝ ያመጣበታል። የሚወድቀውን ለማካካስም ከተጠየቀው በላይ፣ በእኔ ግምት ቢያንስ ሩብ ያህል ጨምሮ መሰብሰብ ይበጃል።

የተሟላው አቤቱታ ለከተማው ጸሐፊ ቢሮ ይቀርባል። ቢሮው ፊርማዎቹን ከመራጮች መዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ ከ1,000 በላይ ከሆኑ በናሙና ሊያጣራ ይችላል። ለኅዳሩ (ኖቬምበር) ምርጫ ምክር ቤቱ ትእዛዙን ከ78 ቀን በፊት ማውጣት ስላለበት፣ የማጣሪያውን ጊዜ አስልቶ ቀደም ብሎ ማስገባት ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላም በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሚሰፍረውን አገላለጽ መከታተል አይቅር፤ አገላለጹን የሚያዘጋጀው ምክር ቤቱ ነውና። በ2010 ሂውስተን በፊርማ የቀረበ የጎርፍ መፋሰሻ ፈንድ ማሻሻያ አጽድቃ ነበር፤ ይሁን እንጂ ወረቀቱ ነዋሪው ክፍያ እንደሚጣልበት ባለመግለጹ የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 አገላለጹን በቂ አይደለም ብሎታል። በ2024 ደግሞ የዳላስ ምክር ቤት በፊርማ ከመጡት ማሻሻያዎች ጋር የሚጣረሱ የራሱን ሐሳቦች በወረቀቱ ላይ ጨምሮ፣ ይኸው ፍርድ ቤት እንዲወጡ አዟል።

ማሻሻያው ከሚሰጠው ድምፅ አብላጫውን ካገኘ ይጸድቃል፤ የሚጸናው ግን ምክር ቤቱ መጽደቁን በመዝገብ ካሰፈረ በኋላ ነው። ከዚያ ከንቲባው የተረጋገጠ ቅጂ ለስቴቱ ጸሐፊ ይልካል።