ያለ ኦቨን ዳቦ ቆሎ፣ አምባሻና የሙዝ ኬክ እንዴት እንደሚሠራ

መጋገር መልመድ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በኬክ ይጀምራል። እኔ ግን በዳቦ ቆሎ ጀምሩ እላለሁ። ዳቦ ቆሎ እርሾ የለውም፣ እንቁላል የለውም፣ ኦቨን አይፈልግም፤ ቢበላሽ እንኳ የሚባክነው ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነው። ከሁሉም በላይ ግን እሳት ያስተምራል። ቤት ውስጥ የሚጋገር ነገር በአብዛኛው የሚበላሸው በሊጡ ሳይሆን በእሳቱ ነው፤ ውጩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ቅደም ተከተሉን ያወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው፦ መጀመሪያ የማይነሳ ሊጥ፣ ቀጥሎ በእርሾ የሚነሳ፣ መጨረሻ ላይ ኬክ። ሦስቱም በአንድ ከሰል ማንደጃ ወይም በአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራሉ። ሦስቱም የጾም ናቸው፤ ስለዚህ በዐቢይ ጾምም በፍስክም መለማመድ ይቻላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ይህን የምጽፍባት ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለምትሞቅ ቆላ ትመስላለች እንጂ ከፍታዋ ቀላል አይደለም፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ለሚጋግር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ሊጥ ውስጥ ያለው አየር የሚጫነው ስለሚያንስ ቶሎ ይነፋል። ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ከተማ የተጻፈ የኬክ አሠራር አግኝታችሁ ቤኪንግ ፓውደሩን እንዳለ ብትጨምሩት ኬኩ መጀመሪያ ፈጥኖ ይነሳና ገና ሳይበስል መሐሉ ይሰምጣል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ያህል ቀንሱ፤ 2 የሻይ ማንኪያ ከተባለ 1 ተኩል ይበቃል። የእርሾ ሊጥም እዚህ ይፈጥናል፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ደግሞ ያንኑ ሊጥ ብዙ ትጠብቁታላችሁ። ሰዓት ሳይሆን ሊጡን እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ዱቄቱን በተመለከተ፣ ለሦስቱም ሱቅ የሚገኘው ነጭ የፉርኖ ዱቄት ይሆናል። ስንዴ አስፈጭታችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ለአምባሻ በጣም ደስ ይላል፤ ገለባው ውኃ ስለሚጠጣ ግን ውኃውን ትንሽ ጨመር አድርጉ። ለኬክ ከሆነ በወንፊት በደንብ ይነፋ፣ ያለዚያ ይከብዳል።

ሚዛን ከሌላችሁ አትጨነቁ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ወስዳችሁ ሁለት እኩል ብርጭቆ ላይ አመጣጥናችሁ ቅዱትና አንዱ እስከየት እንደሞላ ምልክት አድርጉበት፤ ያ 250 ሚሊ ሊትር ነው። እስከ ምልክቱ ድረስ ሳይጠቀጠቅ የተሞላ ዱቄት 130 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከዚህ በታች ብርጭቆ ስል ይህን ነው። ሁልጊዜ በዚያው ለኩ፤ ዛሬ በሻይ ብርጭቆ ነገ በኩባያ ከለካችሁ የትኛው ውኃ እንደበዛ መቼም አታውቁትም።

ቅመሙን ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ያዙ፦ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላልና ኮረሪማ። ኮረሪማውን ሳይፈለፈል ግዙት፤ ተፈጭቶ የተቀመጠ ሽታው ቶሎ ይሄዳል።

ዳቦ ቆሎ

መንገደኛ ሲነሳ፣ ተማሪ ወደ ዶርም ሲመለስ የሚቋጠርለት ስንቅ ነው። የሚያስፈልገው 4 ብርጭቆ ዱቄት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላልና ሦስት ሩብ ብርጭቆ ያህል ውኃ ነው። ለሕፃናት ከሆነ በርበሬውን ተዉት።

1. ደረቁን ሁሉ አደባልቁና ዘይቱን ጨምሩ። ውኃ ከመጨመራችሁ በፊት ዱቄቱን ከዘይቱ ጋር በመዳፋችሁ መሐል እሹት። ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ከያዘ ዘይቱ በደንብ ገብቷል። ዳቦ ቆሎ ጥርስ የሚሰብር ወይም ቅርሽም የሚል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን አትዝለሉት።

2. ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ ጠንካራ ሊጥ አቡኩ። እጅ ላይ ከተጣበቀ ውኃ በዝቷልና ዱቄት ጨምሩበት። 5 ደቂቃ ካሻችሁት ይበቃል።

3. ሸፍናችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉት። ያላረፈ ሊጥ ስታንከባልሉት ወደ ኋላ እየተሰበሰበ ያስቸግራል።

4. እየቆረሳችሁ በእርሳስ ውፍረት አንከባልሉትና በሽምብራ መጠን ቁረጡት። ከቢላ ይልቅ መቀስ ይፈጥናል። የተቆረጠው እንዳይጣበቅ ዱቄት ነስነስ አድርጉበት። መጠኑ እኩል ይሁን፤ ትንሹና ትልቁ ከተቀላቀለ ትልቁ እስኪበስል ትንሹ ያርራል።

5. ወፍራም መጥበሻ ወይም ብረት ምጣድ በመካከለኛ እሳት አሙቁና ዘይት ሳትጨምሩ አምሱት። አንድ ረድፍ ብቻ ይሁን፤ የተረፈው ሁለተኛ ዙር ይግባ።

ማመሱ ላይ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። መጀመሪያ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ሊጡ ውስጥ ገና ውኃ ስላለ ከማማሰያው ጋር ዝም ብሎ ይንሸራተታል። 10 ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ቆዳው ይደርቅና ቀስ እያለ መንኳኳት ይጀምራል። 20 ደቂቃ ሲጠጋ እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል፤ ሽታውም ከጥሬ ዱቄት ወደ ተቆላ ስንዴ ይለወጣል። ያኔ አንዱን አውጥታችሁ አብርዱና ስበሩት። መሐሉ እስከ ውስጥ ደርቆ አንድ ዓይነት ቀለም ከያዘ ደርሷል። ውጩ ቡናማ ሆኖ መሐሉ ነጭና እርጥብ ከሆነ እሳቱ በዝቷል፤ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ማመሳችሁን ቀጥሉ። ይህን አንዴ በእጃችሁ ካወቃችሁት አምባሻውም ኬኩም አያስቸግራችሁም።

ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ጨርሶ እስኪበርድ ጠብቁ። ለብ እያለ ከተከደነ እንፋሎቱ መልሶ ያለሰልሰዋል።

አምባሻ

4 ብርጭቆ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 1 ብርጭቆ ከሩብ ለብ ያለ ውኃ።

በመጀመሪያ እርሾውን ፈትኑት። ከውኃው ግማሹን ከስኳሩና ከእርሾው ጋር በጥብጡና 10 ደቂቃ አቆዩት። ውኃው ጣት ሲገባበት ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ጎልቶ የማይሰማ መሆን አለበት፤ የሚያቃጥል ውኃ እርሾውን ይገድለዋል። ከላዩ አረፋ ከያዘ ሊጡን መቀጠል ይቻላል። ካልያዘ ዱቄቱን አትንኩት፣ ሌላ እርሾ ግዙ። ብዙ ሰው ይህቺን 10 ደቂቃ ይዘልና በኋላ ግማሽ ኪሎ ዱቄት ያጣል።

ዱቄቱን ከጨውና ከአዝሙዱ ጋር አደባልቃችሁ እርሾውን፣ ዘይቱንና የቀረውን ውኃ ጨምሩ። 10 ደቂቃ ሙሉ እሹት። መጀመሪያ ይጣበቃል፤ ቶሎ ዱቄት አትጨምሩበት፣ ሲታሽ ራሱ ይለቃል። በጣት ስትጫኑት ተመልሶ ከተነሳ በቂ ነው። ዘይት በተቀባ ሳህን አድርጋችሁ ሸፍኑት። ሚያዝያ ላይ 40 ደቂቃ ሊበቃው ይችላል፣ ታኅሣሥ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ኩፍ ብሎ እጥፍ ሲሆን ዱቄት የነካ ጣት አስገቡበት። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ገና ነው፣ ይቆይ። ቀስ ብሎ ከሞላ ደርሷል። ጭራሽ ሳይሞላ ሊጡ ከተነፈሰ ግን አልፎበታል፤ መልሳችሁ እሹትና ለአጭር ጊዜ አስነሱት።

መጥበሻውን ዘይት ቀብታችሁ ሊጡን በሁለት ጣት ውፍረት ዘርጉት። ፊቱን በቢላ ጀርባ ከመሐል ወደ ዳር እየተጫናችሁ አስጊጡት። ጌጡ ለዓይን ብቻ አይደለም፤ ሲቆረስ መስመሩን ይዞ ይሄዳል። 15 ደቂቃ ካረፈ በኋላ ከድናችሁ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ጣዱት። በከሰል ከሆነ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ፤ ከሰሉንም ደጅ ላይ ወይም መስኮትና በር ከፍታችሁ አንድዱ፣ የተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ አንዱን ወገን፣ ገልብጣችሁ ደግሞ 10 ደቂቃ ሌላውን። ለመገልበጥ ሰፊ ሳህን ወይም ክዳን ከላይ ደፍታችሁ መጥበሻውን አዙሩት። ሲወጣ ጀርባውን በጣት መታ መታ አድርጉት፤ ባዶ ነገር ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ከተሰማ በስሏል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ አቆዩት፤ ቆዳው ይለሰልሳል። ፍስክ ከሆነ በትኩሱ ቅቤ ቀቡት።

ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት የሚደረግለት በውፍረቱ ምክንያት ነው። እናንተም በሁለት ጣት ውፍረት እስካቆማችሁ ድረስ የታችኛው እሳት ብቻ ይበቃል።

የሙዝ ኬክ በድስት

ገበያ ላይ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ የያዘ ሙዝ በርካሽ ይገኛል። ለኬክ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፤ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ስለተለወጠ ይጣፍጣል፣ በቀላሉም ይላቁጣል። እንቁላል የሌለበት ኬክ ተያይዞ እንዲቆም የሚያደርገውም ሙዙ ነው።

የሚያስፈልገው 3 የበሰለ ሙዝ፣ 2 ብርጭቆ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ ሲሶ ብርጭቆ ዘይት፣ ሩብ ብርጭቆ ውኃ፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማና 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ነው። የዘጌ ሎሚ ካገኛችሁ ልጣጩንም ትንሽ ፈቅፍቁበት። ቤኪንግ ፓውደሩ ከላይ ያልኩት ቅነሳ ተደርጎበታል፣ ደግማችሁ አትቀንሱት። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ መጠን ከገባ ኬኩን መራራ ያደርገዋል።

መጀመሪያ ድስቱን አዘጋጁ። ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ከፍታ ያለው የገበታ ጨው ወይም ታጥቦ የደረቀ አሸዋ አድርጉ፤ በላዩ ዝቅ ያለ ማስቀመጫ ወይም ሦስት እኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ። የማያጣብቅ ቅብ ያለውን ድስት ለዚህ አትጠቀሙ፤ ደረቅ እሳት ቅቡን ያበላሸዋል። ከድናችሁ በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃ አሙቁት። ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጫፎቹን ከላይ ቋጥሩ፤ ጨርቁ እንፋሎቱን ስለሚጠጣ ኬኩ ላይ ውኃ አይንጠባጠብም። ጫፉ ወደ እሳቱ እንዳይወርድ ተጠንቀቁ።

ድስቱ እየሞቀ ሳለ ሙዙን በሹካ ላቁጡትና ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ውኃውንና ሎሚውን ጨምራችሁ ምቱ። ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደሩ፣ ከጨውና ከኮረሪማው ጋር ነፍታችሁ ጨምሩና ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ አዋህዱት። እንደ ዳቦ ሊጥ አትሹት፤ ብዙ ከተማሰለ ይደድራል። ትንንሽ ጓል ቢታይ ምንም አይደለም። ዘይት የተቀባና ዱቄት የተነሰነሰበት ዕቃ ውስጥ ገልብጡት፤ ከዕቃው ሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙላ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ድስቱ ይግባ፤ ቤኪንግ ፓውደር ከእርጥብ ጋር ከተገናኘ መሥራት ጀምሯል።

እሳቱን ዝቅ አድርጉና ለ30 ደቂቃ ክዳኑን አትክፈቱ። ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ይበስላል። ቀጭን ስንጥር መሐሉ ላይ ስትሰኩ ደረቅ ሆኖ ከወጣ አውጡት። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ክዳኑን አትንኩት፤ ጨውና አሸዋው ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ እስከዚያ ከሰል ታያይዛላችሁ። የላይኛው ፊት በድስት ሲጋገር ነጣ ይላል፤ ገልብጣችሁ ብታቀርቡት ቡናማው ወገን ከላይ ይሆናል።

አቀማመጥ

አምባሻ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ቀን ይቆያል። የሙዝ ኬክ እርጥበት ስላለው ከሦስት ቀን በላይ ከፍሪጅ ውጭ አታቆዩት። ዳቦ ቆሎ ጥብቅ ክዳን ባለው ጣሳ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቀመጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጣሳው በተከፈተ ቁጥር እርጥብ አየር ይገባበታል፣ ስለዚህ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ አስቀምጡት። ከለሰለሰም አይጣልም፤ ዝቅ ባለ እሳት 5 ደቂቃ መልሳችሁ አምሱትና አብርዱት።