የሶል ድምፃዊ ወደ ፊልም ሲገባ፦ መብቱ፣ ድምፁ፣ ገንዘቡና የመውጫ ቀኑ

የሶል ድምፃዊው ኩርቲስ ሜይፊልድ እ.ኤ.አ. በ1972 «ሱፐር ፍላይ» ለተባለው ፊልም ሙዚቃ ሲሠራ፣ ኩርቶም የተባለው የራሱ ሌብል (ሙዚቃ ቀርጾ የሚያወጣ ድርጅት) ከተቋቋመ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። አልበሙ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ አራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በዚያው ዓመት ሌላው የሶል ድምፃዊ አይዛክ ሄይስ «ሻፍት» ለተባለው ፊልም በሠራው ዘፈን ኦስካር ተሸለመ። በ1976 ግን ሄይስ ኪሳራ አወጀ፤ ዕዳው ቀደም ሲል የሠራቸውን ዘፈኖች የወደፊት ሮያሊቲ (ዘፈኑ ሲሠራበት የሚከፈለውን ድርሻ) ጭምር ይዞበት ሄደ። ከመድረክ ወደ ፊልምና ወደ መዝናኛ ድርጅት መሸጋገር የሚፈልግ ድምፃዊ ከካሜራ ኪራይ በፊት የሚያስፈልገው ዘፈኖቹን በእጁ ማስገባትና ከፊልሙ ዕዳ ማራቅ ነው። ቀጥሎ ያለው አሜሪካ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ነው፤ ቀኑም ወሩም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መብቱን ማጥራት

እያንዳንዱ ዘፈን በሕግ ፊት ሁለት ንብረት ነው፦ አንደኛው ግጥምና ዜማው፣ ሁለተኛው የተቀረጸው ድምፅ ማለትም ማስተሩ። ፊልም ላይ ለማዋል ከሁለቱም ባለቤቶች የተለያየ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለግጥምና ዜማው የሲንክ ፈቃድ፣ ለተቀረጸው ድምፅ ደግሞ የማስተር ፈቃድ። ሬይ ቻርልስ በ1959 ከኤቢሲ ፓራማውንት ጋር ሲፈራረም የማስተሮቹን ባለቤትነት በውሉ ላይ ማስፈሩ ያን ያህል ትልቅ ነገር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሌብል ጋር ውል ካለዎት ሦስት አንቀጾችን ፈልገው ያንብቡ። ማስተሩ የማን ነው? ድምፅዎን ለሌላ ድርጅት ፊልም ወይም ሳውንድትራክ መስጠት ይከለክላል? አንድን ዘፈን እንደገና ለመቅረጽ ስንት ዓመት መጠበቅ አለብዎት? የተለመደው አጻጻፍ «ከተቀረጸበት ቀን አምስት ዓመት ወይም ውሉ ካበቃ ሁለት ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው» የሚል ነው። ጊዜው ካለፈ ዘፈኑን በአዲስ ባንድ ቀርጾ አዲሱን ማስተር ለፊልሙ መጠቀም ይቻላል። ሌብሉ ለአሮጌው ማስተር ብዙ ሲጠይቅ ርካሹ መውጫ ይኸው ነው። አዲሱ ቅጂ ግን የማስተሩን ጥያቄ ብቻ ነው የሚዘጋው፤ የግጥምና የዜማው ፈቃድ አሁንም ያስፈልጋል።

ከ1978 ወዲህ በደራሲው በራሱ የተላለፈ መብት ከ35 ዓመት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ማስታወቂያው መብቱ ከሚመለስበት ቀን ከ10 ዓመት ባልበለጠ፣ ከ2 ዓመት ባላነሰ ጊዜ ቀድሞ በጽሑፍ መድረስ አለበት። ሌብሎች «ሥራው በቅጥር የተሠራ ነው» ብለው ይከራከራሉ፤ በቅጥር የተሠራ ሥራን ይህ ሕግ አይነካውምና። ስለዚህ ውልዎ ላይ ያ ሐረግ መኖር አለመኖሩን የቅጂ መብት ጠበቃ ይይልዎት።

የአማርኛ ዘፈን ይዞ የሚመጣ ድምፃዊ ተጨማሪ ሥራ አለበት። በእኛ አሠራር ግጥሙ የአንድ ሰው፣ ዜማው የሌላ፣ ቅንብሩ ደግሞ የሦስተኛ ሰው ነው፤ ብዙውም የተከፈለው በእጅ፣ የተስማማውም በቃል ነው። በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብትን ሙሉ በሙሉ ማስተላለፍ ያለፊርማ አይጸናም። የፊልም አከፋፋይም «ገጣሚው ወንድሜ ነው፣ አይከለክለኝም» የሚል ነገር አይቀበልም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይበቃል፦ ሙሉ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ ድርሻው በመቶኛ፣ የፊልሙ ስም፣ «በመላው ዓለም፣ በማንኛውም ማሰራጫ፣ ያለጊዜ ገደብ» የሚል ቃል፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ቀንና ፊርማ። አዲስ ዘፈን ሲሆን ደግሞ የድርሻ ወረቀቱ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ፣ ሰው ሳይበተን ይፈረም። ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ የሚደረግ የመቶኛ ድርድር ወዳጅነት ያፈርሳል፣ ፊልሙንም ያዘገያል።

ድርጅቶቹን መለየት

አንዱ ድርጅት የግጥምና የዜማ መብት ይያዝ፤ ሌላው ሌብል ይሁን፣ ማስተሮቹን ይያዝ፤ ለእያንዳንዱ ፊልም ደግሞ የራሱ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ይቋቋም። ቀረጻ ላይ መብራት ወድቆ ሰው ቢጎዳ ወይም ፊልሙ ሳይሸጥ ቀርቶ ዕዳ ቢያመጣ፣ ጠያቂው የሚደርሰው የፊልሙ ኤልኤልሲ እጅ ላይ ያለውን ነው። ይህ የሚሠራው ግን የባንክ ሒሳቦቹ ካልተቀላቀሉና በግል ስምዎ ዋስ ሆነው ካልፈረሙ ነው።

ዘፈኖችዎን ለፊልሙ ድርጅት አያስተላልፉ። ለዚያ ፊልም ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ ይስጡት። ባለሀብት «ካታሎጉን (የዘፈኖችህን ስብስብ) በመያዣነት አስገባ» ቢል፣ እዚያ ላይ እምቢ ማለት ተገቢ ነው፤ ፊልም የሚወድቅባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፣ ዘፈን ግን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያስገባል።

ገንዘብ ማሰባሰብ

እዚህ ላይ ብዙ ድምፃዊ ሳያውቅ ሕግ ይጥሳል። «ፊልሜ ላይ ገንዘብ አስገቡ፣ ትርፍ ተካፈሉ» ማለት በአሜሪካ ሕግ የዋስትና ሰነድ (ሴኩሪቲ፣ እንደ አክሲዮን ያለ ድርሻ) እንደ መሸጥ ይቆጠራል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት 506(ለ) የተባለው የግል ሽያጭ ደንብ ማስታወቂያን ጨርሶ ይከለክላል። ስለዚህ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ አንድ ጥሪ መለጠፍ፣ ወይም ኮንሰርት መሀል ማይክ ይዞ ባለሀብት መጥራት ያንን መንገድ ይዘጋዋል። ከሕዝብ ማሰባሰብ ከፈለጉ በተመዘገበ የክራውድፈንዲንግ መድረክ በኩል በ12 ወር እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ይቻላል። ትርፍ ሳይሆን የፊልሙን ትኬት ወይም ቲሸርት ቃል ገብቶ መሰብሰብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የዋስትና ሰነድ ሕግ አይነካውም።

በጀቱ ላይ 10 በመቶ ለመጠባበቂያ ይተው። ከሱም በተጨማሪ ፊልሙን ለአከፋፋይ ለማስረከብ የሚወጣውን ከመጀመሪያው ለይተው ያስቀምጡ፦ የሲኒማ ቅጂ፣ ካፕሽን፣ የስህተትና ግድፈት መድን (ፊልሙ የሰው መብት ነክቷል ተብሎ ሲከሰስ የሚሸፍን)። አከፋፋዮች በብዛት የሚጠይቁት መድን ለአንድ ጉዳይ 1 ሚሊዮን፣ በድምሩ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚሸፍን ነው፤ መድን ሰጪውም የዘፈኖቹን ፊርማ ሳያይ አይሸጥልዎትም።

ሙዚቃውን ለምስል ማዘጋጀት

ድምፃዊ ከማንኛውም ጀማሪ ፊልም ሠሪ የሚበልጥበት ቦታ ይህ ነው፤ በብዛት የሚበላሸውም እዚሁ ነው።

ለአልበም የተሠራ ሚክስ በቀጥታ ለፊልም አይሆንም። ኢንጂነሩ ዘፈኑን በስቴም ከፋፍሎ ያውጣልዎት፦ መሪ ድምፅ፣ ተቀባዮች፣ ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታርና ኪቦርድ፣ ብራስ፣ ስትሪንግ። ሁሉም ከአንድ ዜሮ ነጥብ ይጀምሩ፣ 48 ኪሎኸርዝ እና 24 ቢት ይሁኑ፣ የማስተሪንግ ሊሚተር አይደረግባቸው። በሊሚተር የተጨመቀ ዘፈን ሲኒማ ውስጥ ጆሮ ይወጋል፤ ከንግግር ወደ ዘፈን ሲሸጋገርም ተመልካቹን ያስደነግጣል። ስቴም ካለ ግን ተዋናዩ ሲናገር መሪ ድምፁን ብቻ ዝቅ አድርጎ ድራሙንና ቤዙን እንዲጮኹ መተው ይቻላል። ፊልሙ በሌላ ቋንቋ ሲሸጥም ከንግግር የተለየ የሙዚቃና የድምፅ ውጤት ትራክ ይጠየቃል።

የቆዩ የስቱዲዮ ቅጂዎች አብዛኞቹ በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀረጹ ናቸው። ፋይሉ በትክክል ሳይለወጥ 48 ነው ተብሎ ከተጫወተ ፍጥነቱ 8.8 በመቶ ይጨምራል፣ ድምፁም ወደ አንድ ተኩል ሴሚቶን ገደማ ከፍ ይላል። ይህ ወዲያው ስለሚሰማ ይታረማል። ተንኮለኛው ስህተት ካሜራው በሰከንድ 23.976 ፍሬም እየቀረጸ ፕሌይባኩ (ቀረጻ ላይ ለዘፋኙ የሚከፈተው ዘፈን) ለ24 ሲዘጋጅ የሚመጣው ነው። ልዩነቱ 0.1 በመቶ ብቻ ነው፤ በአራት ደቂቃ ዘፈን ግን ወደ ሩብ ሰከንድ ይደርሳል፣ ያም ስድስት ፍሬም ገደማ ነው። መጀመሪያው ስንኝ ላይ ከንፈሩ ልክ ነው፣ መጨረሻው አዝማች ላይ ይሸሻል። ኤዲተሩ ዘፋኙን ይወቅሳል፣ ዘፋኙ ኤዲተሩን። ከቀረጻ በፊት የካሜራ ባለሙያው፣ የድምፅ ባለሙያውና ኤዲተሩ አንዱን የፍሬም ቁጥር በጽሑፍ ይስማሙ፤ አንድ ሙሉ ዘፈን ቀርጸውም እስከ መጨረሻው ፍሬም ይሞክሩ።

ለፕሌይባክ ቀረጻ ከዘፈኑ በፊት ስምንት ምት ቆጠራ ይጨመር፤ ታይምኮዱም (ሰከንዱንና ፍሬሙን የሚቆጥረው ቁጥር) ክላፐሩ ላይ ይታይ። ዘፋኙ በፕሌይባክ ላይ ከንፈሩን ብቻ አያንቀሳቅስ፤ ጮኾ ይዝፈን። የአንገት ጅማት፣ የደረት መነሣትና ከከፍተኛው ኖታ በፊት የሚሳበው ትንፋሽ በቅርብ ሾት ይታያሉ፤ በተለይ ሶል የሚዘፈነው በሙሉ ሰውነት ስለሆነ ዝም ብሎ የሚንቀሳቀስ ከንፈር ወዲያው ያስታውቃል።

ሌላው መንገድ ድምፁን ከሕዝብ ፊት ቀርጾ ምስሉን በኋላ መሥራት ነው። ፕሪንስ ነሐሴ 3 ቀን 1983 ሚኒያፖሊስ በሚገኘው ፈርስት አቬኑ ክለብ ያቀረበው ዝግጅት በተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ተቀርጾ፣ ከዚያ ምሽት የተወሰዱ ዘፈኖች «ፐርፕል ሬይን» የተባለው ፊልሙ ውስጥ ገቡ። የፊልሙ ምስል የተቀረጸው ከወራት በኋላ፣ እዚያው ክለብ ነው። የሕዝቡ ሙቀት ድምፁ ውስጥ አለ፤ ካሜራው ደግሞ እንደልቡ ቦታ ይይዛል።

አንድ ነገር ከስክሪፕቱ ጀምሮ ይታሰብበት። የሜይፊልድ «ፍሬዲስ ዴድ» ፊልሙ ላይ የሚሰማው በመሣሪያ ብቻ ስለነበር ለኦስካር የዘፈን ሽልማት መቅረብ አልቻለም። ለዚህ ሽልማት ግጥሙም ዜማውም ፊልሙ ውስጥ መሰማት አለባቸው፤ ዘፈኑም ለፊልሙ ተብሎ የተጻፈ መሆን አለበት። ዋናውን ዘፈን ከነድምፁ የሚሰማበት ትዕይንት ይጻፍለት።

ዳይሬክተር ማን ይሁን?

ለመጀመሪያው ረጅም ፊልም፣ ዋናው ተዋናይ እርስዎ ከሆኑ፣ ሌላ ሰው ዳይሬክት ቢያደርግ ይሻላል። ካሜራ ፊት ያለ ሰው የራሱን ትወና፣ ብርሃኑንና የሌላውን ተዋናይ ስሜት አንድ ላይ መከታተል አይችልም። «ፐርፕል ሬይን» በአልበርት ማግኖሊ ተሠርቶ ሰመረ፤ ፕሪንስ በ1986 ራሱ ዳይሬክት ያደረገው «አንደር ዘ ቼሪ ሙን» ገበያ ላይ ወደቀ። ዳይሬክት ማድረግ የሚፈልግ በአጭር ፊልም፣ ራሱ ሳይተውን ይለማመድ።

የመውጫ ቀን

የ«ፐርፕል ሬይን» ቅደም ተከተል ሊጠና የሚገባው ነው። የመጀመሪያው ነጠላ ዘፈን ግንቦት 1984 አጋማሽ ላይ ወጣ፣ አልበሙ ሰኔ 25፣ ፊልሙ ሐምሌ 27። ሕዝቡ ሲኒማ ሲገባ ዘፈኑን ያውቀዋል፣ ገና አልጠገበውም። በ1986 በ«አንደር ዘ ቼሪ ሙን» ግን ነጠላው በየካቲት፣ አልበሙ በመጋቢት መጨረሻ፣ ፊልሙ በሐምሌ መጀመሪያ ወጡ፤ ፊልሙ ሲደርስ ዘፈኑ አምስት ወር ሆኖት ነበር። ነጠላው ከፊልሙ በፊት ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት፣ አልበሙ አንድ ወር ቀድሞ ቢወጣ ጥሩ ነው። አከፋፋዩ ቀን ሲያዘዋውር ሌብሉም አብሮ እንዲያዘዋውር ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ሁለቱ ድርጅቶች በየራሳቸው ቀን ይሄዳሉ።

ከወጣ በኋላ

አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤቶች ለሚሰማው ሙዚቃ የሕዝብ ማሰሚያ ሮያሊቲ አይከፍሉም። ስለዚህ ለሲኒማ ዕይታ ያለው ክፍያ በቅድሚያ የሚደራደሩበት ነው። በቴሌቪዥን፣ በስትሪሚንግና በብዙ የውጭ አገር ሲኒማዎች ግን ይከፈላል፤ የሚከፈለውም በኪው ሺት መሠረት ነው። ኪው ሺቱ ላይ እያንዳንዱ ሙዚቃ የሚሰማበት ርዝመት በደቂቃና በሰከንድ፣ ዘፈኑ ከፊት የሚሰማ ወይም ከኋላ ማጀቢያ መሆኑ፣ የደራሲዎቹ ስምና ድርሻ፣ የአሳታሚው ስምና አባል የሆኑበት ሮያሊቲ ሰብሳቢ ድርጅት (አስካፕ ወይም ቢኤምአይ) ይሰፍራል። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ይጠቀሙ፤ ስሙ ምዝገባው ላይ በአንድ መልክ፣ ኪው ሺቱ ላይ በሌላ ከተጻፈ ሥርዓቱ ሊያገናኛቸው ስለማይችል ክፍያው ይንጠለጠላል። ሉሁን ፊልሙ የመጨረሻ ኤዲት እንዳለፈ ከሙዚቃ ኤዲተሩ ጋር ሞልተው ለአከፋፋዩ ያስረክቡ፤ አንድ ቅጂም በቀጥታ ለሮያሊቲ ሰብሳቢ ድርጅትዎ ይላኩ።