ንግድ ፈቃድ እድሳት፦ ታኅሣሥ 30ን የመጨረሻ ቀን ብላችሁ አትቁጠሩት

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ ሱቄ የሚመጣው ሰው ይቀየራል። ሌላ ጊዜ ሥራዬ የልደት ካርድና የዲግሪ ትርጉም ነው። ታኅሣሥ ላይ ግን ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ፎቶኮፒ የሚያስነሣ፣ ‹‹ክሊራንሱ (ከግብር ዕዳ ነጻ ነህ የሚለው ወረቀት) አልወጣልኝም እኮ›› እያለ በሬ ላይ ቆሞ ስልክ የሚያወራ ነጋዴ ይሞላዋል። አልስቅባቸውም። እኔም ሁለት ዓመት በቅጣት አድሻለሁ። የትርጉም ቤት ማኅተም ደግሞ ፈቃዱ ካልታደሰ የጎማ ቁራጭ ነው፤ ደንበኛው ሰነዱን ይዞ ውልና ማስረጃ ሄዶ ቢመልሱት ጣጣው የሚወርደው በእኔ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እንያዝ። ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል። ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 በቅጣት። ሰኔ 30 ካለፈ ፈቃዱ ይሰረዛል። ስድስት ወር ሲባል ብዙ ይመስላል አይደል? ክረምቱን ‹‹ዝናቡ ይቁም›› እንላለን፣ መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ ከዚያ ሳናስበው ኅዳር ጽዮን ይደርሳል። ገና ደግሞ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ 28 ላይ ይውላል። ስለዚህ 30 የምትሉት ቀን የበዓል ማግስት ነው፣ ዶሮው ገና አላለቀም፣ ቢሮውም ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ለእኔ የመጨረሻው ቀን ኅዳር 30 ነው። ስልኬ ላይም እንደዚያ ነው የሞላሁት።

አሁን ዋናው ነገር። እድሳቱ ራሱ ቀላል ነው፣ ሁሉ ነገር ከተሟላ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የሚፈጀው ከኋላው ያለው ሰንሰለት ነው። ፈቃዱ ክሊራንስ ይፈልጋል። ክሊራንሱ የዓመቱ ግብር ተገልጾ እንዲከፈል ይፈልጋል። ግብሩ የተስተካከለ ሒሳብ ይፈልጋል። ስለዚህ ከጫፉ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሰው ሁሉ ግን መጀመሪያ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይሰለፋል፣ እዚያ ‹‹ክሊራንስ አምጣ›› ይባላል፣ ገቢዎች ሲሄድ ‹‹የመጋቢት ወር አልተገለጸም›› ይባላል፣ ይሄኔ ነው የሒሳብ ሠራተኛው ስልክ የማይነሣው።

ግብር የመክፈያው ጊዜ እንደየደረጃው ይለያያል። የሒሳብ መዝገብ የሚይዘው ደረጃ ‹ሀ› እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው፤ የእኛ የትንንሾቹ ከዚያ በፊት ያልቃል። በ2017 የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ደረጃዎቹ ስለተነካኩ ‹‹እኔማ ሁልጊዜ ሐ ነኝ›› ብላችሁ እንዳትቀመጡ፣ ደረጃችሁን ጠይቁ። ሠራተኛ ካላችሁ ደግሞ በየወሩ የሚገለጸውን የሥራ ግብርና ጡረታ እዩት። ጡረታው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። እኔን በአንድ ዓመት የያዘኝ ይሄ ነው፦ አንዲት ጸሐፊ ነበረችኝ፣ በግንቦት ለቀቀች፣ መልቀቋን አላሳወቅኩም። ወረቀቱ ላይ እሷ እስከ መስከረም እኔ ዘንድ ስትጽፍ ነበር።

‹‹ዘንድሮ አልሠራሁም›› የሚል ካለ፣ ባትሠሩም ትገልጻላችሁ። ጭራሽ ሥራውን ከተዋችሁት ፈቃዱን መልሱት። ዝም ማለት ዕዳ ነው የሚያስቆጥረው።

ስም። ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሥራዬ ስም መጻፍ ሆኖ በራሴ ስም ነው የተጉላላሁት። የአያቴ ስም በቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ምዝገባው ላይ ‹ወ/ሚካኤል› ነው። ፋይዳ መታወቂያ ላይ ‹ወልደሚካኤል›። በኪራይ ውሉ ላይ ደግሞ ‹ወልደ ሚካኤል›፣ ተለያይቶ። ለሰው ዓይን አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው። አንድ ቢሮ ውስጥ ያለች ልጅ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ ‹‹ማዘር፣ ይሄኛው ማነው?›› አለችኝ። ማዘር መባሉ ይበልጥ አመመኝ መሰለኝ። ለማስተካከል አሥራ አንድ ቀን ሄደብኝ። ስለዚህ ዛሬ ማታ አራት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፦ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ ፋይዳ፣ የኪራይ ውል። ፊደል በፊደል አስተያዩ። እዝባሯን (/) እንኳ አትለፏት። ልዩነት ካለ በሐምሌ አስተካክሉ፣ በታኅሣሥ ማንም አይሰማችሁም።

አድራሻ የቀየራችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ብዙዎቻችን ተበትነናል፤ እኔ ከአራዳ ወጥቼ ስታዲየም ጀርባ ቂርቆስ ገባሁ። ፈቃዱ የድሮውን አድራሻ ይዞ ‹‹ዝም ብዬ ላድሰው›› ማለት ያምራል፣ ግን ነገ ተቆጣጣሪ በሩ ላይ ሲቆም ወረቀቱ ሌላ ቦታ ነው የሚለው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው የሆነልኝ፦ መጀመሪያ አዲሱን የኪራይ ውል በውልና ማስረጃ አስጸደቅኩ። ከዚያ የግብር ፋይሌ ወደ አዲሱ ክፍለ ከተማ እንዲዛወር ጠየቅኩ፣ የድሮው ቦታ ዕዳ እንደሌለብኝ አረጋግጦ መሸኛ ጻፈ። አድራሻውን ፈቃዱ ላይ ያስለወጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፋይል ከክፍለ ከተማ ክፍለ ከተማ ሲሄድ በእግሩ ነው የሚሄደው፤ እየደወላችሁ፣ እየተመላለሳችሁ ተከታተሉት።

ውሉን ስታስጸድቁ አከራይዋ ራሳቸው ካልመጡ ወኪላቸው ይመጣል። ውክልናውን ቀድማችሁ ተቀብላችሁ አንብቡት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ኪራይን የአስተዳደር ሥራ ነው ስለሚል በጠቅላላ ውክልና ማከራየት ይቻላል። ቢሆንም ‹‹ማከራየት›› የሚለው ቃል በግልጽ የተጻፈበት ከሆነ ጭቅጭቅ የለም። የአከራዬ ልጅ ይዞት የመጣው ውክልና ስለ መኪና ብቻ ነበር። እትዬን ከነምርኩዛቸው በላዳ አምጥተን ጨረስን፣ ሻይም ጋበዝኳቸው።

በኢንተርኔት ማደስም ይቻላል፣ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢትሬድ የሚባለው ሲስተም አለ። ወረቀታችሁ ንጹሕ ከሆነ በእሱ ሂዱ፣ ተራ አትጠብቁም። ሁለት ነገር ብቻ፦ ሰነዶቹን በስካነር አንሡ፣ በስልክ ጥላ ያለበት ፎቶ ይመለስባችኋል። ስልክ ቁጥሩም የእናንተ ይሁን። ብዙ ሰው የጉዳይ አስፈጻሚውን ቁጥር ያስመዘግብና የማረጋገጫ ኮዱ ለሱ ይሄዳል፤ ከሱ ጋር ከተጣላችሁ ፈቃዳችሁ ከሱ ጋር ቀረ ማለት ነው። የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቅበት ዘርፍ ላይ ያላችሁ እሱን መጀመሪያ አሳድሱ። ማኅበር የሆናችሁ የሚሄደው ሰው ሥልጣን በቃለ ጉባኤው መኖሩን እዩ።

በአካል የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ሁኑ። ከሰዓት በኋላ ‹‹ሲስተም የለም›› የምትባለዋ ዓረፍተ ነገር ትበዛለች። የሁሉንም ሁለት ሁለት ኮፒ ያዙ፣ ዋናውንም ጭምር። የክፍያ ደረሰኝ ስትቀበሉ እዚያው በስልክ አንሡት። የማሽን ቀለም በሁለት ዓመት ይጠፋል፣ ባዶ ወረቀት ይዞ ‹‹ከፍያለሁ›› ብሎ የተከራከረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ፈቃዱ ታትሞ ሲሰጣችሁ ወዲያው ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት። ከመስኮቱ ሳትርቁ ስማችሁን፣ ዘርፉን፣ አድራሻውንና የታደሰበትን የበጀት ዓመት አንብቡ። ስሕተት ካለ እዚያው ነው የሚታረመው። ከዚያ ደንበኛ የሚያየው ቦታ ስቀሉት፣ ይሄም ግዴታ ነው። የእኔ ከማሽኑ በላይ ነው የተሰቀለው፣ ‹ወልደሚካኤል› ተብሎ፣ አንድ ላይ።