ጠረጴዛው ከመላጊያው ጋር አብሮ ሲሄድ፦ ችግርና መፍትሄ

ከፈረሰ ቤት፣ ከፎርምወርክ (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ) ጣውላ ወይም ከፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ) የአናጺ ጠረጴዛ ሠርታችሁ አስቸግሯችኋል እንበል። የውሃ ልክና የስኳድራ አጠቃቀም እዚህ አላስተምርም። እግሩ ስር ጠጠር እንደሌለም አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ሲላግበት ይወዛወዛል

ጎንደር ውስጥ ጠርተው ካሳዩኝ ጠረጴዛዎች የአብዛኞቹ በሽታ ይሄ ነው። ከላይ ሲጫኑት ንቅንቅ አይልም። መላጊያ ሲገፉበት ግን ይንገዳገዳል። ባለቤቱ ወዲያው እግሩን ይጠረጥራል። "ቀጭን ሆኖ ነው" ይልና ወፍራም እንጨት ፍለጋ ይሄዳል። እግሩ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ መጋጠሚያው ላይ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ብዙ ጊዜም አብረው ይመጣሉ። አንደኛው ሚስማር ነው። ሚስማር በየቀኑ ወዲያና ወዲህ ሲገፋ ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። ሁለተኛው እርጥብ ባህር ዛፍ ነው። ከግንባታ የወጣ ጣውላ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ ከርሟል። ነሐሴ ላይ ሲገጥሙት ጥብቅ ይላል። በጋው ሲገባ ይደርቅና በወርዱም በውፍረቱም ይኮማተራል፤ በቁመቱ ግን ይህ ነው የሚባል ቅናሽ የለውም። ወንዴው (የሚገባው ጫፍ) ሴቴው (የሚቀበለው ቀዳዳ) ውስጥ ይላላል፤ ሚስማሩም የሚይዘው ያጣል።

አዘዞ ያለ አንድ ልጅ ጥር ላይ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ጠረጴዛው እየሄደብኝ ነው" አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ግድግዳው ጥግ ያቆመው ጠረጴዛ ማታ በሩ አጠገብ ደርሷል። አንዱ መጋጠሚያ ላይ ብቻ 11 ሚስማር ቆጠርኩ። በተወዛወዘ ቁጥር አንድ ይጨምርበታል። ሚስማር ሲበዛ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ የባሰ ይላላል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ሚስማር ያነሳል። እኔም ብሆን አልመጻደቅም። የመጀመሪያ ጠረጴዛዬን ከግድግዳ ጋር አስደግፌ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። የጭቃ ግድግዳ ነበር። ጠረጴዛው አልዳነም፤ ግድግዳው ተቦረቦረ።

መፍትሄው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሚስማሩን በሙሉ ንቀሉ። ከመሬት 20 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ በጠረጴዛው ርዝመት በፊትም በኋላም እግሮቹን የሚያያይዝ አግዳሚ ግጠሙ። 5 በ7 ሴንቲሜትር ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ረጅም እንጨት) ይበቃል። እግሩ ሁለት ሞራሌ ተጣብቆ 10 በ7 ቢሆን በጣም ጥሩ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ባለ 12 ሚሊሜትር ብሎን አሳልፉ። አንድ ብቻ ከሆነ አግዳሚው በብሎኑ ላይ ይዞራል። ሁለቱን በአንድ የእንጨት ጭረት መስመር ላይ አትብሱ፤ ይሰነጥቁታል። የእግሩ 7፣ የአግዳሚው 5፣ በድምሩ 12 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ 14 ወይም 15 ሴንቲሜትር ብሎን ግዙ።

ሮንዴላው (ብሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ስስ ክብ ብረት) ሰፊ ይሁን፤ በሁለቱም በኩል ይግባ። ትንሿ ሮንዴላ እንጨቱ ውስጥ ትሰምጣለች። ያለ ሮንዴላ የታሰረ ብሎን ካሳያችሁኝ ሥራውን አልነካም፣ ቀድሜ ነግሬያለሁ። ብሎኑንም ዝም ብላችሁ አትግዙ። ጥርሱ ገና ሲጠብቅ የሚላጥ ብሎን ገበያውን ሞልቶታል። እዚያው ሱቁ ደጃፍ ዳዶውን (ብሎኑ ላይ የሚዞረውን ማጥበቂያ) በእጃችሁ እስከ መጨረሻው አዙሩት። መሀል ላይ ከነከሰ መልሱለት።

ከኋላ በኩል ደግሞ ሰያፍ እንጨት ጨምሩ። አራት ማዕዘን ማዕዘኖቹ ላይ ይጣመማል፤ ሦስት ማዕዘን ግን እንጨቱ ካልተሰበረ ወይም መጋጠሚያው ካልለቀቀ ንቅንቅ አይልም። ጣሪያ የሠራ አናጺ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ለምን እንደሚረሳው እስካሁን አልገባኝም።

የብሎኑን መጋጠሚያ ኮላ አትቀቡት። ኅዳር ላይ አንዴ፣ የካቲት ላይ አንዴ ዳዶውን አጥብቁ። የማይቸኩል ሰው ደግሞ ጣውላውን ጥላ ስር በስስ ቁራጮች እያለያየ ይደርድረው። አንድ ቁራጭ በየሳምንቱ በሚዛን ይመዝን። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም እንጨቱ ደርቋል። ከአሮጌ ቤት ጣሪያ የወረደ ጽድ ወይም ዋንዛ ካገኛችሁ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ስንት በጋ አልፎበታል።

ገጹ ተሰነጠቀ ወይም ተጠማዘዘ

ገጹን በፊትም በኋላም ቸንክራችሁታል፤ ሲደርቅ መሄጃ አጣ። የፊቱ ጠርዝ ጠብቆ ይታሰር። በኋላው በኩል የብሎኑን ቀዳዳ በገጹ ወርድ አቅጣጫ ሞላላ አድርጉት።

ምላጩ ቶሎ ይደነዝዛል

ሲሚንቶ ነው። ፎርምወርክ ጣውላ ሳይጸዳ መላጊያ አይነካውም። በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ ከዚያ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ገጹ ላይ አዙሩ። ጭንቅላቱ ተቆርጦ እንጨቱ ውስጥ የቀረ ሚስማር በዓይን አይታይም። በኤሌክትሪክ መላጊያ ወይም በመጋዝ ማሽን የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሁለት ጊዜ አድርጉት። የዓይን መነጽር አድርጉ። አሁንም እላለሁ፣ መነጽር።

ኮላ አልይዝ አለ

ጣውላው ኮንክሪት እንዳይጣበቅበት ዘይት ተቀብቷል። ንጹህ እንጨት እስኪወጣ ላጉት። ሽታው ካልጠፋ ኮላውን ተዉትና በብሎን እሰሩት።

እጅ ያሳክካል፣ ይሸታል

ጥቁር ቅባት የተነከረ የመብራት ምሰሶ ቆርጣችሁ ከሆነ ተዉት፤ ለጠረጴዛ አይሆንም፣ ለማገዶም አይሆንም። ፓሌት ላይ የላቲን "ኤም" እና "ቢ" ፊደላት ከታተሙበት በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነው፤ አትንኩት። "ኤች" እና "ቲ" ያለበት በሙቀት የታከመ ስለሆነ ችግር የለውም። የአሮጌ ቤት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፤ በደረቁ እየፈተጋችሁ አቧራውን አትተንፍሱ፣ ልጆችም አጠገባችሁ አይዋሉ።

ከስሩ ዱቄት ይረግፋል

ነቀዝ ነው። ያንን እንጨት ዛሬውኑ ከግቢ አውጡት።