የአይጥ አንጎል የውሃ ልኬት ሲዋዥቅብን

ድሬ ላይ ነው፤ የአንጎል ደም መላሽ ሥር ሲዘጋ የሚመጣውን እብጠት በአይጥ እያጠናን ነው። ሥሩን ማሰር ብቻ ብዙ ጊዜ አያሳብጥም፣ ደሙ በሌላ መንገድ ይሾልካል። ስለዚህ ፌሪክ ክሎራይድ (ደም የሚያረጋ የብረት ጨው) ጨምረን ደሙን እናረጋዋለን።

እብጠቱን የምንለካው አንጎሉን ከመድረቁ በፊትና በኋላ መዝነን፣ ውሃውን በማስላት ነው። ችግሩ ሚዛን ላይ መጣ። ጤነኛ የአይጥ አንጎል ከመቶ 78 ወይም 79 እጁ ውሃ ነው። የእኛ ግን፣ ምንም ያልተዘጋባቸው ሳይቀሩ፣ ዝቅ ይላል። ሚዛኑ ደህና ነው። ጉዱ ያለው ሙቀቱና ማራገቢያው ጋ ነው፤ አንጎሉ እስኪመዘን ውሃው ይተናል።

ክዳን ያላቸው ትንንሽ ብልቃጦች ቀድሜ መዘንኩ። አንጎሉ እንደወጣ ገባ፣ ተከደነ፣ ተመዘነ። ከዚያ ክዳኑ ተከፍቶ በ100 ዲግሪ 24 ሰዓት ደረቀ። ከምድጃ ሲወጣም ቶሎ ክደኑት፣ የደረቀው አንጎል እርጥበት ይስባል።

አሁን ጤነኞቹ 78 አካባቢ ናቸው፣ የተዘጋባቸውም ከፍ ብለው ይለያሉ።