ክራርን ከአሮጌ ካሴት ጋር እንዴት እንደምንቃኝ

ክራሩን በስልክ ቲዩነር (ድምፅ በሚለካ የመቃኛ ፕሮግራም) ልክክ አድርጎ ቃኝቶ፣ የድሮ ካሴት ከፍቶ አብሮ ሊደረድር ሲል አልገጥም የሚለው ሰው ብዙ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ክራር የሚማሩ ልጆች አዘውትረው የሚጠይቁኝም ይህንኑ ነው። ጆሯቸው ደህና ነው፣ ክራራቸውም ደህና ነው። ቲዩነሩ የያዘው ልክና ካሴቱ የያዘው ልክ ስለሚለያይ ነው።

ቲዩነሩ የሚነሳው «ላ» የምትባለው ድምፅ 440 ሄርዝ ናት ከሚል ስምምነት ነው። ሄርዝ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚነግር ቁጥር ነው። ስምምነቱ በ1939 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ተደረገ። ከዚያ በፊት ፈረንሳዮች ከ1859 ጀምሮ 435 ብለው ነበር። የእኛ አዝማሪ ግን የሚቃኘው ለጉሮሮው በሚመቸው ልክ ነው። ስለዚህ የመንዝ ወይም የአንኮበር የሰርግ ካሴት ከ440 ስለራቀ ብቻ ተበላሽቷል አይባልም። እኛ ነን ካሴቱ ወዳለበት የምንሄደው።

1. ዕቃ ማዘጋጀት

ቲዩነሩ ሄርዙን በቁጥር የሚያሳይና 440ን ወደ ሌላ ቁጥር ለመቀየር የሚፈቅድ ይሁን። አረንጓዴ መብራት ብቻ የሚያበራው ለዚህ ሥራ አይረባም። የቴፑን ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል ጥረጉ፣ በባትሪ ሳይሆን በመብራት አጫውቱትና ካሴቱን ወደ ፋይል ቀይሩ። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፤ ገንዘብ አታውጡ። ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ አግኝታችሁት ከሆነ እዚያው ያለውን የፍጥነት መቀየሪያ አትነካኩ። ዩቲዩብ ፍጥነቱን ቢቀይርም የድምፁን ከፍታ እንዳለ ስለሚይዘው ምንም አይጠቅማችሁም።

2. ከልኩ የሸሸው ካሴቱ ነው ወይስ አዝማሪው?

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ያህል መሄድ አለበት። ሞተሩ ሲደክም ወይም የቴፑ ላስቲክ ሲላላ ፍጥነቱ ይዛባል፣ ድምፁም አብሮት ይወጣል ወይም ይወርዳል። 6 በመቶ ከተዛባ ድምፁ በግማሽ ድምፅ ተቀይሯል ማለት ነው። 3 በመቶ ከሆነ ደግሞ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሀል ይወድቃል፣ ከየትኛውም ጋር አይገጥምም። ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ እናንተ ዘንድ የደረሰ ከሆነም የእያንዳንዱ ቴፕ ስህተት ተደራርቦበታል።

ለማወቅ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው የካሴቱን መጀመሪያና መጨረሻ ማወዳደር ነው። ድሮ መብራት ባልነበረበት ገጠር ሰርግ የሚቀዳው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ መቅጃው ቀስ እያለ ይቀዳል። ያንን ካሴት ዛሬ በደህና ቴፕ ስናጫውተው መጨረሻው ከመጀመሪያው ቀጥኖና ፈጥኖ ይሰማል። ዘፋኙ እየጋለ ሄዶ ከፍ አደረገው እንዳትሉ። ሰው ሲግል ዘፈኑን ያፈጥነዋል እንጂ የገዛ ድምፁ የሕፃን ድምፅ አይመስልም። የንግግሩን ድምፅ ስሙ፤ በዘፈኑ መሀል «እሰይ» የሚሉት ሰዎች ጭምር ከቀጠኑ ጥፋቱ የቴፑ ነው።

ሁለተኛው፣ ቀረጻው ላይ ኦርጋን ወይም ኪቦርድ ካለ እሱን መለካት ነው። ኪቦርድ በፋብሪካ 440 ላይ ተቃኝቶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሁሉም ድምፆቹ በእኩል መጠን ከቲዩነሩ ዜሮ (ድምፁ ልክ ሲሆን ከሚያሳየው ቦታ) ከራቁ ሸሽቶ የተገኘው ካሴቱ ነው። ግን አንድ ችግር አለ። ልዩነቱ በሁለት ቁልፎች መሀል ከሆነ ካሴቱ ፈጥኖ ወደ ላይ ወጣ ወይስ ዘግይቶ ወደ ታች ወረደ የሚለውን ቲዩነሩ አይነግራችሁም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ።

እሱን የሚፈታው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ እኔ ከሁሉም የምወደውም ይሄንን ነው። በመብራት በሚሠራ ዕቃ የተቀዳ ነገር ብዙ ጊዜ ከሥሩ ዝቅ ያለ «እምምም» የሚል ድምፅ አለው። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ያ ድምፅ 50 ወይም 100 ላይ መሆን አለበት። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ዝምታ ኦዳሲቲ ላይ ምረጡና የድምፅ ስብጥሩን የሚያሳየውን ሥዕል ክፈቱ። የመለኪያውን መጠን ትልቁ ላይ አድርጉት፣ አለዚያ ቁጥሩ በደንብ አይለይም። ጉብታው 51.5 ላይ ከሆነ ካሴቱ በ3 በመቶ ፈጥኗል። 48.5 ላይ ከሆነ በ3 በመቶ ዘግይቷል። እዚህ ላይ የምትጠነቀቁት ለአንድ ነገር ነው፦ ካሴቱን አስቁማችሁም ድምፁ ከቀጠለ የሚጮኸው የእናንተው ቴፕ ወይም ገመድ ስለሆነ አትመኑት። በጄኔሬተር በተቀዳ ነገርም ይህ መለኪያ አይሠራም፤ የጄኔሬተር ሄርዝ ይዋዥቃል። በባትሪ ድንጋይ በተቀዳው ላይ ደግሞ ጭራሽ አታገኙትም።

ካሴቱ መሸሹ ከተረጋገጠ ፋይሉን አስተካክሉ። ኦዳሲቲ ላይ ፍጥነቱንና ድምፁን አብሮ የሚቀይረውን ተጠቀሙ። ድምፁን ብቻ የሚቀይረው ሌላ ነው፣ እሱ ፍጥነቱን እንደተዛባ ይተወዋል። ሦስቱም መንገዶች ምንም ካላሳዩ፣ አዝማሪው እንደዚያ አድርጎ ቃኝቶታል ብላችሁ ተቀበሉ። ወደ 440 አትጎትቱት።

3. አንድ ክር መያዝ

ዘፈኑ ደጋግሞ የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልጉ። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ድምፁን የሚያስረዝምበት ቦታ ይሻላል፤ የክራር ድምፅ ቶሎ ስለሚጠፋ ቲዩነሩ ላይ ይዘላል። ለምሳሌ ቲዩነሩ 220 የሚጠብቅበት ቦታ 226 ካነበባችሁ 440ን ወደ 452 ቀይሩት።

ከዚያ ስልኩን አስቀምጡና በጆሮ ጨርሱ። ፋይሉን ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ክሩን ነካ አድርጉ። ሁለቱ ድምፆች ተቀራርበው ግን ካልገጠሙ «ዋው ዋው» የሚል ማዕበል ይሰማል። በሁለት ሄርዝ ከተለያዩ በሴኮንድ ሁለቴ ይመላለሳል። እየተቀራረቡ ሲሄዱ ማዕበሉ ይዘገያል፣ ሲገጥሙ ይጠፋል። ክሩን ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እያከረራችሁ ድረሱበት። ከላይ እያላላችሁ ከመጣችሁ ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ በኋላ ይለቃል።

ስለ መቃኛው ከተነሳ፣ የጊታር መቃኛ የተገጠመለት ክራር ለዚህ ሥራ በጣም ይቀላል። የጨርቁ ያምራል፣ ትንሽ ሄርዝ ለመቀነስና ለመጨመር ግን ያስቸግራል።

4. ሌሎቹ ክሮች

ባለ ስድስት ክር ክራር ላይ ወፍራሙንና ከሱ ስምንት ድምፅ የሚርቀውን ቀጭኑን አስቀድማችሁ አጋጥሙ። የቀሩትን እንደ ቅኝቱ፣ ማለትም እንደ ትዝታው፣ ባቲው፣ አንቺ ሆዬው ወይም አምባሰሉ፣ ቀረጻውን እየሰማችሁ ቃኙ። እያንዳንዱን ክር ቲዩነሩ ዜሮ ላይ ካልቆመ ብላችሁ አትታገሉ። የቲዩነሩ ዜሮ የፒያኖ ርቀት ነው። የድሮ ደርዳሪዎች ክር ከዚያ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሲገኝ ለዛው እዚያ ነው ያለው፤ በተለይ አንቺ ሆዬ ላይ ስታስተካክሉት ጣዕሙ ይጠፋል።

5. ክሩ የማይችለውን አትጠይቁት

ቀረጻው ከክራራችሁ ከአንድ ሙሉ ድምፅ በላይ ከፍ ካለ አታክርሩ። የናይለን ክር ሲበጠስ ዓይን ይመታል፣ ያረጀ ቆዳም ክሮቹን ከፍ አድርጎ የያዘው ብርኩማ ሥር ይሰነጠቃል። ይልቅ የፋይሉን የድምፅ ከፍታ ኦዳሲቲ ላይ ወደ ክራራችሁ ልክ አውርዱና አብራችሁ ተለማመዱ። ዋሽንት ነፊ ከሆናችሁ ያላችሁ ምርጫ ይሄ ብቻ ነው፤ የተበሳ ቀዳዳ አይቃኝም። ማሲንቆ ግን አንድ ክር ስለሆነ ያለ ችግር ይከተላል። ሦስቱ አብረው ከተቀመጡ ክራሩ ለዋሽንቱ፣ ማሲንቆው ለክራሩ ይቃኝ።

6. አየሩ

በጥር ሰርግ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስታችሁ በጣርማ በር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስትገቡ ቆዳው ይደርቅና ይወጠራል፣ ክሮቹም ከፍ ይላሉ። በክረምት ጉም ደግሞ ቆዳው ይረግባል፣ ክሮቹ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ክሮቹን ትንሽ አላሉ። ስትደርሱ ክራሩን ከከረጢቱ አውጡና ሩብ ሰዓት ያህል ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከዚያ ቃኙ። የቃኛችሁበትን ቁጥር፣ 452 ከሆነ 452 ብላችሁ፣ ካሴቱ ሽፋን ላይ በእርሳስ ጻፉት።