የብረት ካቢኔት ጋራዥ ውስጥ ሲገጠም

የላሜራ ጠርዝ እጅ ይቆርጣል፤ ጓንት ያድርጉ። ክፍሎቹን ካርቶን ላይ ዘርግተው ብሎንና ዳዶውን ይቁጠሩ። ጎኖቹን፣ ጀርባውንና መደርደሪያዎቹን ሲያያይዙ ብሎኖቹን በእጅ ብቻ ያስይዙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ አንዱን ጥግ በካቻቪቴ ያጠብቅና የመጨረሻው ቀዳዳ አልገጥም ይለዋል። ከፊት በኩል ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱን ሰያፍ ይለኩ፤ እኩል ሲሆኑ ሁሉንም ያጥብቁ። በሮቹ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲወርድ ብዙ ጊዜ ያዘነብላል፤ ካቢኔቱ ጠመም ሲል በሮቹ አይገናኙም። ጥፋቱ የማጠፊያው አይደለም። በሊቬላ (በውሃ ልክ) እያዩ ዝቅ ካለው እግር ስር ቁራጭ ላሜራ ያስገቡ። ከዚያ ግድግዳውን በ8 ሚሊ መብሻ በስተው፣ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ከትተው የካቢኔቱን ጀርባ ከላይ በኩል ከግድግዳው ጋር በብሎን ይሰሩት፤ በሮቹ ሲከፈቱ ባዶ ካቢኔት ወደ ፊት ሊወድቅ ይችላል። ከባዱን ዕቃ ከታች ያድርጉ።